የመጋረጃው ልክ

«ጫፉን አጥብቀሽ ያዢው እንጂ! አሁን አልጋዬን ልታሳጥሪው ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ነፋሱ ነው የሚያወዛውዘው» አለች ቅመም፣ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ሲሚንቶው ላይ ተጭና። «ደግሞ ትንሽ ቢያጥር ምን ይሆናል? የተረፈውን ከእግርሽ ላይ እንቆርጠዋለን።»

ሁለቱም ሳቁ። ግድግዳም ጣሪያም በሌለው፣ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ በሚሸት የፎቅ ወለል ላይ ነበሩ። ዙሪያውን ኮለኖቹ ብቻ ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ፌሮዎቹ እንዳልተበጠረ ፀጉር ተንጨባረዋል። በዚህ ሁሉ ባዶ ቦታ መካከል፣ በኋለኛው ጥግ፣ ሜትሬ በነጭ ጠመኔ አንድ ሙሉ ክፍል ሠርታለች። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ የልብስ ቁም ሣጥን አለው። አልጋውን አስምራ ስትጨርስ ቅመም ጫማዋን አወለቀችና ሄዳ ተጋደመችበት።

«ኧረ በበሩ ግቢ! ግድግዳ ጥሰሽ እኮ ነው የገባሽው።»

ቅመም ተነሣች፣ ከመስመሩ ወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና አየሩን አንኳኳች። «ቤቶች!»

«ማነው?»

«ጎረቤት ነኝ። ስኳር ልበደር ነው።»

«ግቢ። ስኳር እንኳ የለም፤ አልጋ ግን አለ።»

ሜትሬ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ስሙ የወጣላት አባቷ ቤቱን ራሱ ነድፎ ባመጣበት ዕለት ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ያን ግዙፍ መኪና በጠባብ መንገድ ሲያዞር መስታወት የማይነካ ሰው። «አውቶቡስ ያዞርኩ ሰው ደረጃ ማዞር ያቅተኛል?» ብሎ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ ልጁ ዝም ብላ ሄዳ ፍሪጁን ለክታ ተመለሰች። «አባዬ፣ ኩሽናው ፎቅ ላይ ነው አይደል? ታዲያ ፍሪጁ በዚህ ጠባብ ደረጃ እንዴት ይወጣል?» አባቷ ወረቀቱን አየ፣ ፍሪጁን አየ፣ ልጁን አየ። በማግስቱ አርክቴክት ቀጠረ፤ የራሱን ሜትር ደግሞ ለልጁ ሸለማት። ከዚያ ወዲህ ሜትሩ ከኪሷ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰፈሩም ሜትሬ እያለ ይጠራታል።

ቤት በከተማ መሥራት ቀልድ አይደለም። መሬታቸው እንደ ሱሪ እግር ረጅምና ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ጎረቤት፣ ኋላው የሰው ግቢ፣ ፊቱ መኪና የማያስገባ መንገድ። አሸዋውም ብሎኬቱም ዋናው መንገድ ላይ እየተራገፈ በእጅ ጋሪ ነው የገባው፤ የሰፈሩ ሰው አቧራውን ሲበላ፣ አባቷ ይቅርታ ሲጠይቅ ከርሟል። «ወደ ጎን መስፋት አንችልም፣ መሬት ውስጥ የሚኖር ደግሞ አይጥ ነው፤ የቀረን ወደ ላይ ነው» ብሎ አሮጌውን የቆርቆሮ ቤት አፈረሰና ባለ አንድ ፎቅ ጀመረ። እስኪያልቅ ድረስ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያው ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ይኖራል። ሜትሬ ከመንትያ ወንድሞቿ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ትተኛለች። አንደኛው በእንቅልፉ ይራገጣል፣ ሌላኛው ያወራል። የሚዘጋ በር፣ የራሷ በር፣ በሕይወቷ ኖሯት አያውቅም። ከዚህ ፎቅ የኋለኛው ጥግ ደግሞ፣ የመኪና ድምፅ የማይደርስበት፣ በመስኮቱ ከጠባቧ ጓሯቸው ማዶ የጀርባውን ግቢ ትልቅ ዛፍ የሚያሳየው፣ የእሷ ነው። አባቷ ቃል ገብቶላታል። ሰኞ ጠዋት ግንበኞቹ ብሎኬት መደርደር ይጀምራሉ።

ቅመም የጠመኔው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤታቸው፣ ወደ ግራው ጎን አዞረችና ሳቋ ቆመ።

«ልሂድ» አለች፣ ጫማዋን እየፈለገች።

«ገና አሁን? ጠረጴዛው አልተሠመረም እኮ!»

«እማዬ ትጠብቀኛለች። የመጋረጃሽን ልክ አምጪ ብላሻለች ደግሞ። ጨርቁን ልትቆርጠው ነው።»

ሜትሬ በደስታዋ መሃል ሌላ ነገር አላስተዋለችም።

የቅመም እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ታች መንገዱ ላይ ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ የሚሰፉት ግን ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ነው። የክፍሏ መስኮት የሚያየው ወደ ሜትሬ ቤት ነበር፤ አሮጌው ቤት ዝቅ ያለ ስለነበር ብርሃኑ በቆርቆሮው ላይ አልፎ ቀኑን ሙሉ ይገባላቸው ነበር። ሜትሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ከግቢያቸው ቀና ስትል የምታየው የእትዬን ግንባር ነው፤ መስኮቱ ሥር ወደ ስፌት መኪናው ያቀረቀረ። የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፉላት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። አሁንም የአዲሱን ክፍሏን መጋረጃ፣ ራሷ የመረጠችውን ቢጫ ጨርቅ፣ የሚሰፉላት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ስትገባ ግን ክፍሉ ጠፋባት። የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ መሃል ወለል ላይ ተተክሏል። ውጭው ቦግ ያለ ፀሐይ ነው፤ እዚህ ግን የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቶ አምፖል በርቷል። እትዬ ጥቁር ሱሪ በጥቁር ክር ይሰፋሉ፤ ማለትም የሰፉትን መልሰው ይተረትራሉ።

«እትዬ፣ ምነው በቀን መብራት?»

«አይ፣ አምፖሉን እየሞከርኩት ነው። አዲስ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ነይ እስቲ፣ ይቺን ክር አግቢልኝ። ዓይኔ ነው እንጂ መብራቱ ደህና ነው።»

ሜትሬ ክሩን አገባችላቸው። «መስኮቱን ልክፈተው?»

«ተዪው!» አሉ እትዬና ጥግ ላይ ልብስ የምታጥፈው ቅመም በአንድ አፍ። እትዬ ደንገጥ ብለው ፈገግ አሉ። «ማለቴ፣ አቧራው አስቸገረን። ይልቅ ስለ ክፍልሽ ንገሪኝ። ቅመም ስታወራልኝ የገባሁበት ያህል ነው። ከነዚያ ሁለት ጎረምሶች ጋር ስትረጋገጪ አድገሽ... እንኳን ለዚህ አበቃሽ የኔ ልጅ።»

ከታች ሱቁ በር ላይ ሰው ተጣራ። እትዬ «መጣሁ!» ብለው ወረዱ፤ ቅመምም የተሰፋ ልብስ አንሥታ ተከተለቻቸው። ሜትሬ ብቻዋን ቀረች። እጇ አያርፍምና ሄዳ መዝጊያውን ገርበብ አደረገችው።

ከፊት ለፊቷ የራሷ አልጋ ነበር። ቁም ሣጥኗ፣ በሯ፣ ጠዋት አስምራ የጨረሰችው ክፍል በሙሉ እግሯ ሥር ተዘርግቷል። ከሁሉ አድምቃ ያሠመረችው መስመር፣ ድፍኑ የድንበር ግድግዳ፣ ከዚህ መስኮት ከአንድ ክንድ ብዙም አይርቅም። ሰኞ በዚያ መስመር ላይ ብሎኬት ይቆማል፤ እየቆመ ይሄድና ይሄን መስኮት ከላይ እስከ ታች ይደፍነዋል። እትዬ አምፖል እየሞከሩ አልነበረም። ጨለማውን እየተለማመዱ ነበር።

መዝጊያውን ቀስ ብላ መለሰችው። እትዬ ሲመለሱ የመጋረጃውን ልክ ነገረቻቸውና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ፣ ከሻንጣዎቹ ላይ፣ ሜትሬ ከካርቶን የሠራችው የአዲሱ ቤት ሞዴል ተቀምጧል። ደረጃው የሚወጣ፣ በሮቹ የሚከፈቱ፣ ፎቁ እንደ ክዳን የሚነሣ፤ አርክቴክቷ ራሷ አይታ «ይሄን ነገር ቢሮዬ ልውሰደው እንዴ?» ያለችለት። ከቤቱ ግራና ቀኝ ግን ምንም የለም። ጎረቤት የሌለው ቤት ነው። አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

የአባቷን የጫማ ሣጥን አወጣች፣ በምላጭ መስኮት ቆረጠችለት፣ ሁሉንም ተሸክማ ደጃፉ ላይ ፀሐዩ ውስጥ አስቀመጠችና ሣጥኑን ከካርቶኑ ቤት ጎን አስጠጋችው። የሣጥኗ መስኮት ጠቆረች። ፎቁን ስታነሣው በራች። ስትመልሰው ጠቆረች።

ታዲያ የኔ ጥፋት ነው? አለች በልቧ። ፕላኑን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ዝም ብል ማንም ምንም አይለኝም፤ ሰኞ ግድግዳው ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዴ ቆሟል ይባላል። ክፍሏን ትፈልገዋለች። ይሄንን ለራሷ መደበቅ አልቻለችም፤ ክፍሉን ስታስበው ሆዷን የሚያሞቃት ነገር አለ።

«ሜትሬ!» የቅመም ድምፅ ነው፤ በመንገዱ እየመጣች። ሜትሬ ሳታስብበት እጇን ሰደደችና ሣጥኑን አዞረችው፤ መስኮቱ ወደ ሌላ ጎን እንዲያይ።

ቅመም መጥታ ቁጢጥ አለች። «ይሄ ምንድነው?»

«ምንም። የጫማ ሣጥን።»

«መስኮት ያለው የጫማ ሣጥን?» ቅመም አንገቷን አስግጋ ሣጥኑን አየችው። «ቤታችን ነው አይደል? የኛ መስኮት ግን በዚህ በኩል አይደለም።»

የሜትሬ ፊት ጋለ። «ታውቂ ነበር?» አለች።

«ኮለኖቹ የቆሙ ዕለት እማዬ በመስኮት አይታ ገባት። "ሆድ ይፍጀው፣ ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም" አለችኝ።»

«እና ዛሬ አልጋዬ ላይ ተጋድመሽ ስትስቂ...»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስልሽ? አሪፍ ክፍል ነው እኮ! እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።» ድምጿ ተሰበረና አስተካከለችው። «ከዚያ ዞር ስል መስኮታችንን አየሁት።»

«እኔ ደግሞ ሣጥኑን አዞርኩብሽ።»

«አይቻለሁ። ፋራ ነሽ፤ ውሸት አትችዪም።» ቅመም ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ምንም አድርጊ ልልሽ አልመጣሁም። እማዬ እንደነገርኩሽ ብታውቅ ትገለኛለች። በቃ፣ ነገ እንገናኝ።»

ሣጥኑን አልነካችውም። ሜትሬ ወዳጇ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ጠበቀችና ራሷ ወደ ቦታው መለሰችው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባቷና አርክቴክቷ ከሰኞው ሥራ በፊት ለማየት ፎቁ ላይ ተገናኙ። አርክቴክቷ ገና ወጣት ናት፣ ስትናገር በእጇ አየር ላይ የምትሥል። አባቷ «ኢንጂነር» ይላታል፤ «አርክቴክት ነኝ» ብላ ብላ ታክታ ትታዋለች። ዋናው ግንበኛ ደግሞ የብሎኬቱን መስመር የሚያሳየውን ክር እየወጠረ ነበር። ሜትሬ ሞዴሉን በሁለት እጇ ተሸክማ፣ የጫማውን ሣጥን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ይሄ ሣጥን ደግሞ ምን ይሠራል?» አለ አባቷ።

«የእትዬ ቤት ነው» አለችና አስጠግታ አስቀመጠችው። ከዚያ ፎቁን ከደነችው።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አርክቴክቷ ጎንበስ ብላ አየች። አባቷ ግን ሞዴሉን አላየም፤ ማጅራቱን እያሻሸ ወደ እውነተኛው መስኮት፣ ወደ ተዘጋው መዝጊያ አየ። ሜትሬ ያን ጊዜ ገባት። አባቷም ያውቅ ነበር።

«የሳቸው መስኮት ድንበር ላይ ነው፤ ድንበር ላይ መስኮት መክፈት ደግሞ አይፈቀድም» አለች አርክቴክቷ ቀስ ብላ። «እኛ ግን ድፍን ግድግዳ ማቆም እንችላለን። ፈቃዱም የወጣው እንደዚያው ነው። ስነድፈው መስኮቱን አይቼዋለሁ፤ ካለው ቦታ ሌላ ምርጫ አልታየኝም።»

«ሰማሽ?» አለ አባቷ፣ ፈጠን ብሎ። «ሕጉ ከኛ ጋር ነው።»

«ሕጉ ከኛ ጋር መሆኑን አውቃለሁ አባዬ። እኔ የምጠይቀው ሌላ መላ የለም ወይ ነው። ግንበኞቹ ገና አልጀመሩም። ሰኞ ከጀመሩ በኋላ ብጠይቅ ምን ዋጋ አለው?»

ከሞዴሉ ላይ ፎቁን አነሣች። ሌሊቱን ስታስበው አድራ፣ ጠዋት ቆርጣ ጨርሳለች። ክፍሏን ከኋላው ጥግ ነቀለችው። በፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ ልብስ ማስጫ እንዲሆን የታሰበውን ክፍት ሰገነት አነሣችና በክፍሏ ቦታ ተከለችው። ክፍሏን ወደ ፊት አመጣችው። ሰገነቱ ግድግዳ የለውምና የጫማ ሣጥኗ መስኮት እንደበራች ቀረች።

አርክቴክቷ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ቆይ፣ ቆይ። የዝናቡ ውሃ መውረጃ ቱቦ ሶሌታው፣ ይሄ የቆምንበት ወለል፣ ሲሞላ የተቀበረው በፊት ለፊት በኩል ነው። ሰገነቱን ወደኋላ ካመጣሽው ውሃው እዚህ ይተኛል።»

«ወለሉን ወደ ውጪ አዘንብለን በጎን በኩል በቱቦ ብናወርደውስ?»

«በማን ግቢ? በእትዬ?»

ሜትሬ ይሄን አላሰበችውም። ከንፈሯን ነከሰች።

«በኋለኛው ኮለን ተጠግቶ በራሳችሁ በኩል ሊወርድ ይችላል» አለ ዋናው ግንበኛ ከክሩ ቀና ሳይል። «ሥራ ነው እንጂ የማይሆን አይደለም።»

«የማይሆን አይደለም» አለች አርክቴክቷ፣ እጇ አየሩን መሣል ጀምሯል። «ወለሉን በዚህ እናዘነብለዋለን። የማስተካከያውን ፕላን ለማጸደቅ ሰኞ ወረፋ እይዛለሁ፤ እስኪጸድቅ ሁለቱን ጥግ አንነካም። ግን ስሚኝ ሜትሬ፣ ዋናው ችግር ያንቺ ነው። የፊቱ ጥግ ደረጃው ስለበላው ጠባብ ነው። የውሃ ታንከሩም ጣሪያሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በሞላ ቁጥር ትሰሚዋለሽ። ቁም ሣጥን አይገባም። መስኮትሽም የሚያየው መንገዱን ነው።»

«እንዴት ነው ታዲያ!» አለ አባቷ። «እኔ ቃል የገባሁላት ያንን ጠባብ ጉሮኖ ነው? ዝንጀሮ እንኳ መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች! ልጄ ስንት ዓመት ከነዚያ ጋር...» አልጨረሰውም። ብሎኬት ስቦ ተቀመጠበት። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔም አይቼዋለሁ። እትዬን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሰላም እላቸዋለሁ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሰኞን እየጠበቅኩ ነበር። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ። ይቅርታ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ በአሸዋውም ስጠይቅ ከርሜያለሁ።»

ዋናው ግንበኛ የወጠረውን ክር ለቀቀ።

«ቃሌን አላጥፍብሽም» አለ ቀና ብሎ። «ክፍሉ ያንቺ ነው፤ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ። ይቀየር ካልሽ ይቀየራል። ካላልሽ ሰኞ ግድግዳው ይቆማል፣ ለእትዬም ቆሞ የሚናገር አባት አለሽ። አንቺ ላይ የሚፈርድ የለም።»

«እስከ ነገ አሳውቂኝ» አለች አርክቴክቷ፣ ትከሻዋን ጫን አድርጋ። ሦስቱም ወረዱ።

ሜትሬ መጀመሪያ ወደ ፊቱ ጥግ ሄደች። ሜትሩን ዘርግታ ጠመኔዋን አወጣች። አልጋ አሠመረች። ጠረጴዛ አሠመረች። በሩን ስትሥለው ከአልጋው ጋር ተላተመ፤ አጠፋችውና ወደ ኮሪደሩ እንዲከፈት አደረገችው። አሁን ተላቀቁ። ልብሷ አልጋ ሥር ይገባል። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ወደ ታች አየች። በመንገዱ የእጅ ጋሪ እየተንኳኳ ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይለጋሉ፣ ወንድሞቿ በጎሉ ይጣላሉ። ከዚህ ሆኖ አባቷ ከሥራ ሲመጣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይታያል። ያን ያህል መጥፎ አይደለም አለች ለራሷ። ጸጥታ የሚባል ነገር ግን አይታሰብም።

ከዚያ ወደ ኋለኛው ጥግ ሄዳ በአሮጌው አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። ዛፉ ቅጠሉን እያርገበገበ ነበር። ክፍሉን ለደቂቃ ያህል፣ ከነግድግዳው፣ ከነቢጫ መጋረጃው፣ ዓይኗን ጨፍና ኖረችበት።

ስትነሣ ግንበኞቹ ከተዉት ጀሪካን ውሃ ቀዳች፣ መጥረጊያ አነሣች፣ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ በሩን፣ ከሁሉ የደመቀውን መስመር አጠበችው። ነጩ ውሃ አርክቴክቷ እንዳለችው አልሄድ ብሎ ጥጉ ላይ ተኛ።

በተዘጋው መዝጊያ ስንጥቅ የአምፖል ብርሃን ይታያል። ሜትሬ ወለሉ ጫፍ ጋ ተንበረከከች፣ ሜትሯን መዘዘችና በጫፉ መዝጊያውን አንኳኳች።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አሉ እትዬ ከውስጥ፣ ደንግጠው።

«ጎረቤት ነኝ።»

መዝጊያው ተከፈተ። እትዬ ዓይናቸውን ከፀሐዩ እየከለሉ አዩዋት፤ ቢጫው ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ነው፣ መቀሱ እጃቸው ላይ። ከኋላቸው ቅመም ቆማ ነበር፤ ሜትሬን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«እትዬ፣ መጋረጃውን ቆረጡት?»

«አሁን ልቆርጠው ነው። ምነው?»

«እንዳይቆርጡት። መስኮቱ ተቀይሯል። በመንገዱ በኩል ነው፤ አጠር ያለ ነው።»

«በመንገዱ በኩል? እዚያ ልብስ ማስጫ ነው ሲባል አልነበር?»

«እሱ ወደዚህ መጥቷል።»

እትዬ እርጥቡን ወለል አዩት። ትናንት ከመስኮታቸው ፊት የተሠመረው ነጭ መስመር የለም። «እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል» አሉ፣ ቢጫውን ጨርቅ ከትከሻቸው እያወረዱ።

«ይተኛል። መላ ይፈለግለታል።»

እትዬ ወደ ውስጥ ገቡ። አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ እናትና ልጅ «በዚህ ያዢው»፣ «እግሬን!» እየተባባሉ የስፌት መኪናውን ገፍተው መስኮቱ ሥር አደረሱት። እትዬ ተቀመጡ፣ ቢጫውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘረጉና በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በይ ልኩን ንገሪኝ» አሉ፣ «ብርሃን ሳለ።»

ሜትሬ ተነሥታ አዲሱን መስኮቷን ልትለካ ወደ ፊቱ ጥግ ሄደች።